ሳትቀመጥበት አትፈርም

አዳማ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፣ ሐዋሳ

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኔ ከወገቤ በቀር ደኅና ነኝ፤ ስለ ወገቤ ደግሞ ከዚህ በታች ከምትፈልገው በላይ ታነባለህ።

ይቅርታውን በአጭሩ ልገላገለው። የመጨረሻው ደብዳቤህ ከደረሰኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ መልስ አልጻፍሁም። ለእማማ ሙት ዓመት እመጣለሁ ብዬ ቀረሁ። ሁለት ጊዜ ስትደውልም ስምህን እያየሁ ሳላነሣው ቀርቻለሁ። ምክንያት ብደረድር አታምነኝም፤ ባታምነኝም እውነት አለህ። እግርህ ላይ መውደቁን ስንገናኝ አደርገዋለሁ፤ ጎንበስ ካልሁ በኋላ ቀና ማለት ከቻልሁ ማለቴ ነው።

ብዕር ያስጨበጠኝ ጸጸት ብቻ ነው ብልህ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ከአንተ የምፈልገው ነገር አለ። በዚያው ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ ከሐዋሳ ሻሸመኔ መመላለሱ እንደ ሰለቸህ፣ ሚኒባስ ውስጥ መጋፋቱ እንዳስመረረህና ለረጅም ጊዜ የሚከራይ መኪና እያፈላለግህ እንደ ሆነ ጽፈህልኝ ነበር። እኔ ደግሞ አሁን ልወጣበት የምፈልገው የመኪና ኪራይ ውል አለኝ። «አሃ፣ ለካ ለዚህ ነው የጻፈው!» ብለህ ወረቀቱን ከመጣልህ በፊት እስከ መጨረሻው አንብበው፤ መኪናውን አሞግሼ ላሸክምህ ሳይሆን ጉዱን ሁሉ ልነግርህ ነው የተቀመጥሁት። (ተቀመጥሁ ስል በእንጨት ወንበር ላይ ነው፤ የተሻለው እሱ ሆኗል።)

በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እዚህም እናንተም ጋ እየበዛ መምጣቱን ታውቃለህ። በሳምንት ሦስት ቀን አዲስ አበባ ደርሶ ለሚመለስ፣ የማደያ ሰልፍም ላንገሸገሸው ሰው ማታ ቤቱ ሰክቶ ጠዋት ሞልቶ ከመነሣት የሚሻል የለም ብዬ ከአንድ አከራይ ጋር የ24 ወር ውል ተፈራረምሁ። ሰውዬው ውሉን «ሊዝ» ይለዋል፤ እኔ ሊዝ ሲባል ትዝ የሚለኝ መሬት ብቻ ስለ ነበረ መጀመሪያ ላይ መኪናውን የት ሊተክለው ይሆን ብዬ ነበር። የሦስት ወር ኪራይ በመያዣነት አስቀመጥሁ፤ ሊብሬው በእሱ ስም ይቆያል፤ መድኑንም እሱ ይከፍላል።

ከመፈረሜ በፊት ሞክሬዋለሁ፤ ሞከርሁ ካልነው። ከፍራንኮ ተነሥቼ እስከ ፖስታ ቤት ነድቼ ተመለስሁ፤ ዐሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው፣ ፊት ለፊቱ እንደ ቴሌቪዥን የሚያበራ መስታወት፤ ዐይኔ በዚያ ሁሉ ሲጠመድ ወገቤ ምንም ሳይናገር ቀረ። ወንበሩም ነጭ ቆዳ መሰል ልብስ ለብሶ፣ በቀይ ክር ተሰፍቶ፣ የሙሽራ ሶፋ ነበር የሚመስለው።

የፈጣን መንገዱን ታውቀዋለህ፤ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያለ ብልሽት ወይም ያለ አደጋ ዳር ይዞ መቆም ክልክል ነው። በመጀመሪያው ሰኞ ሞጆ ድረስ ደስ ብሎኝ ሄድሁ። ቢሾፍቱ ስደርስ አንድ ነገር መቀመጫዬን ይጎነትለኝ ጀመር፤ ኪሴ ውስጥ ቁልፍ የረሳሁ መስሎኝ አወጣሁት፤ ቁልፉ ወጣ፣ ሕመሙ ግን ቀረ። ዱከምን ሳልፍ ቀኝ ጭኔ ደነዘዘ። ቱሉ ዲምቱ ክፍያውን ከፍዬ እንደ ወጣሁ መኪናውን ጥግ አስይዤ ወረድሁና በሩን ይዤ ቆምሁ። በዚያ የሚያልፍ አንድ ወጣት ደንግጦ «ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» አለኝ። «ወንበሩ ነው» አልሁት። አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ ግራና ቀኝ ተመለከተና «ቆንጆ ነው እኮ!» አለ። መከራዬም ይኸው ነው፤ ቆንጆ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር በዚህ ወንበር ላይ ተመራምሬያለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንድ መካኒክ እንዳስረዳኝ ባትሪው የተነጠፈው ከወለሉ ሥር ስለ ሆነ ወለሉ ከፍ ይላል፤ ጣሪያው ግን ያው ነውና ወንበሩን በዚያው ልክ ከፍ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ እንደ እኔ ቅልጥሙ የረዘመ ሰው ሲቀመጥ ጉልበቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጭኑ ከወንበሩ ተነሥቶ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ የሰውነቱ ክብደት ሁሉ መቀመጫ አጥንቱ ላይ ያርፋል። ራስ ማስደገፊያው ደግሞ ከኋላ ሲገጩህ አንገትህ እንዳይቀጭ ተብሎ ወደ ፊት ዘንበል ያለ ነው፤ ዓላማው መልካም ነው፤ እኔን ግን ጫንቃዬ ላይ አርፎ እንደ ተቀጣ ተማሪ አንገቴን አስደፍቶ ነው የሚያስነዳኝ። አንተ ከፊት ዴስክ ተነሥተህ የማታውቅ ሰው ይህ እንዴት ይገባሃል? እኔ እኮ ከኋላ ተቀምጬ ጉልበቴ የዴስኩን ክዳን ከፍ ሲያደርገው ቀለም የተደፋብኝ ሰው ነኝ።

ያልሞከርሁት የለም። ፎጣ ጠቅልዬ ከጭኔ ሥር አደረግሁ፤ ፍሬን በያዝሁ ቁጥር ይንሸራተታል። የወገብ ትራስ ገዛሁ፤ ወገቤን ሲያሳርፈው ወደ መሪው አስጠግቶ ጉልበቴን ከመሪው ጋር አጋጨው። መካኒኩ የወንበሩን የፊት ሁለት ቡሎኖች ፈትቶ ከሥራቸው ሮንዴላ በመደራረብ ፊቱን ቀና ሊያደርግልኝ ጀምሮ ነበር፤ ጎንበስ ብለን ስናይ ግን ከወንበሩ ሥር የሚያልፈው ሽቦ ቢጫ መሰኪያ አለው፤ ቢጫው የኤርባግ ነው። በዚያ ላይ እነዚያ ቡሎኖች በግጭት ጊዜ ወንበሩን ከነሰውየው የሚይዙ ናቸው። እሱም መፍቻውን አስቀመጠ፤ እኔም «ተወው» አልሁ፤ ውሉም ቢሆን መኪናው ላይ ምንም ነገር መቀየርን ይከለክላል።

በመጨረሻ ምን እንዳደረግሁ ስነግርህ አትሳቅ። ዩኒቨርሲቲ ስንገባ እማማ ለእኔ ነጩን፣ ለአንተ ጥቁሩን አጎዛ ሰጥተውን አልነበር? ነጩን ከሣጥን አውጥቼ ወንበሩ ላይ አነጠፍሁት። በወንበሩ ጎን በኩል ኤርባግ መኖሩን የሚያመለክት ትንሽ ምልክት ስለ ተሰፋበት መደገፊያውን አላለበስሁትም፤ መቀመጫው ላይ ብቻ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ እፎይ አልሁ፤ እማማ መደብ ላይ የተቀመጥሁ ያህል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የአዳማ ፀሐይ ሥራዋን ጀመረች። ከሥራ ቦታ የመጡ አለቃዬን አሳፍሬ ሞጆን ሳናልፍ በተከታታይ አስነጠሳቸውና «በግ ጭነህ ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። አጎዛውን ሲያዩ ደግሞ ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ከጥያቄው የከፋ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሶደሬ ሄጄ ወገቤን ፍል ውኃው ውስጥ እዘፈዝፋለሁ። እሑድ ሰው እሆናለሁ፤ ሰኞ ከሰዓት በፊት ያ ሁሉ እዚያው ቱሉ ዲምቱ ይቀራል።

አከራዩን ለመንሁት። መጥቶ ሁለት ደቂቃ ተቀመጠበት፤ ሆዱን እያሻሸ «ይህ እኮ ሶፋ ነው!» አለኝ። ሰውዬው እንደ አንተ አጭር ነው (አትቆጣ)። ከዚያ ጠበቃ የሆነ ጎረቤቴን አማከርሁ። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1731 ጠቅሶ በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ መሆኑን ካስረዳኝ በኋላ፣ መኪናው ብልሽት ቢኖርበት ኖሮ የምንለው ነበረን፤ አሁን ግን «ወንበሩ አልተሰበረም፤ የተሰበርኸው አንተ ነህ» ብሎ ሸኘኝ። ለምክሩ ቡና ጋብዤዋለሁ፤ ያስከፈለኝ ያን ብቻ በመሆኑ አልቀየምሁትም።

ስለዚህ የቀሩኝ መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው መኪናውን መልሼ የቀሪዎቹን 17 ወራት ኪራይ ግማሽ መቀጫ መክፈል ነው፤ እሱን ሳስበው ወገቤን ትቶ ራሴን ያመኛል። ሁለተኛው በውሉ መጨረሻ ገጽ ላይ የተጻፈው ነው፤ አከራዩ በጽሑፍ ከፈቀደ ተከራዩ ውሉን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይችላል። ይህን አንቀጽ ሳነብ ፊቴ ላይ ድቅን ያልኸው አንተ ነህ። በቁመትህ ምክንያት ነው ብልህ ትጣላኛለህ፤ ነገር ግን በቁመትህ ምክንያት ነው።

አስበው እስኪ። የእኔ ሕመም የሚጀምረው አርባ ደቂቃ ያህል ከነዳሁ በኋላ ነው፤ አንተ በዚያ ጊዜ ሻሸመኔ ደርሰህ፣ ቢሮህ ገብተህ፣ ሻይ አዝዘሃል። ውሉ ለሁለቱ ዓመት የሚፈቅደው 60,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ ካለፈ በኪሎ ሜትር ይታሰባል። እኔ በሰባት ወር ወደ 18,000 በልቼበታለሁ፤ አንተ ግን ደርሶ መልሱን 50 ኪሎ ሜትር ብንለው፣ በወር 22 ቀን ብትሠራ፣ በቀሩት 17 ወራት 19,000 እንኳ አትሞላም፤ ስለዚህ የኪሎ ሜትር ሥጋት አይኖርብህም። መያዣውን አሁን እንድትተካልኝ አልጠይቅህም፤ ውሉ አልቆ አከራዩ ሲመልስልህ ትልክልኛለህ። የመጀመሪያውን ወር ኪራይም እኔ እከፍላለሁ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ባለቤቴ የመጀመሪያውን አንብባ «ለጠላትህ የማትመኘውን ወንበር ለወንድምህ ትሰጣለህ?» አለችኝ፤ መልስ አላገኘሁላትም፤ አሁንም የለኝም። ዓመት ከመንፈቅ ዝም ብሎ ኖሮ ሸክሙን ሊያራግፍ ሲል የሚጽፍ ሰው ምን እንደሚባል ሁለታችንም እናውቃለን። ይሁን እንጂ አንተ ራስህ መኪና ፈልገህ ነበር፤ ወይስ እስካሁን አግኝተሃል? አግኝተህ ከሆነ እዚህ ላይ አቁምና ስለ ልጆቹ ብቻ ጻፍልኝ።

ካላገኘህ ግን እንደ እኔ እንዳትሆን። በሚመጣው ቅዳሜ ና፤ በመቂ በሞጆ አድርገህ ስትደርስ መናኸሪያው በር ላይ እጠብቅሃለሁ። መሪውን አንተ ትይዝና ወደ አሰላ እንወጣለን፤ የአሰላውን መንገድ የመረጥሁት ከሰዓት በላይ ስለሚያስቀምጥህና ከተመረርህም የትም ቆመን መውረድ ስለምንችል ነው። አሰላ ስንደርስ ወርደህ ያለ ምንም ድጋፍ ቀጥ ብለህ ከቆምህ እንነጋገራለን፤ በሩን ከያዝህ ግን ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ምሳ በልተን እመልስሃለሁ፤ እኔም መቀጫውን እከፍላለሁ እንጂ ዳግመኛ አላነሣብህም።

ከተስማማህ ደግሞ ያለ አከራዩ ፊርማ ቁልፍ እንዳትቀበለኝ፤ ስሜ ከውሉ መውጣቱንና ያንተ መግባቱን እሱ በጽሑፍ ካላረጋገጠ አንተ አንድ ወር ብትዘገይ እኔን ይይዘኛል፤ መኪናው ቢጫር ደግሞ ማን እንደ ጫረው ስንጨቃጨቅ ወዳጅነታችን ይጫራል። የበሩን፣ የፓራውልቱንና የጎማዎቹን ፎቶ እናነሣለን፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ቁጥር ወረቀት ላይ አስፍረን ሦስታችንም እንፈርማለን። በግራ ስፖኪዮ ላይ ያለው ጭረት የእኔ ነው፤ አንድ ባጃጅ ነው ብዬ ለአከራዩ ነግሬዋለሁ፤ እውነቱ ግን የግቢዬ በር ነው።

እስከ ዓርብ ማታ ደውልልኝ፤ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣለሁ። አጎዛው ግን ከመኪናው ጋር አይተላለፍም፤ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። የአንተ ጥቁሩ የት ደርሶ ይሆን?

ያንተው