አትቸኩል ልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንኳን ለ30ኛ ዓመትህ አደረሰህ። ድፎውን በስምህ ቆረስነው፤ እናትህም መረቀችህ።

እህትህ ስትደውል ግን ደነገጥኩ። ባለፈው ቅዳሜ የባሕር ውሃ አኳሪየም፣ ያው የመስታወት የዓሣ ገንዳ፣ ገዝቶ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰባት ዓሣ ሊያስገባ ነው አለችኝ። ሰባት! በ20 ጋሎን ውሃ! ኧረ አትቸኩል።

ውሃው ጥርት ሲል ያለቀለት ይመስልሃል። አይደለም። ከዓሣ የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። እሱን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ገንዳው ውስጥ ባለው ድንጋይ ላይ እስኪባዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እየቆነጠርክ የዓሣ ምግብ ጣልበትና ጠብቅ። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሳይሉ አንድም ዓሣ እንዳይገባ።

ጅዳ የአኳሪየም ዓሣ መሸጫ ቤት ውስጥ ስሠራ የሆነውን ነግሬህ አላውቅም። አንድ ልጅ ከእናቱ ጋር መጣ። ያኔ አንተ ስምንት ዓመትህ ነበር፤ እሱም እኩያህ ይመስለኛል። ማንዳሪን የምትባለዋን ዓሣ አይቶ ከመስታወቱ አልላቀቅ አለ። ሰማያዊና ብርቱካናማ፣ እንደ ጥበብ ጥለት የተጠለፈች። ገንዳቸው ሁለት ሳምንቱ ነበር። ማንዳሪን ደግሞ ድንጋይ ላይ የሚርመሰመሱ ደቃቅ ነፍሳትን ለቅማ ነው የምትኖረው፤ አዲስ ገንዳ ውስጥ በረሃብ ታልቃለች። ይህን አውቅ ነበር። ግን ሸጥኩለት። ለትምህርት ቤትህ የምልከው ጎድሎኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እናቱን ደጅ አቁሞ ገባ። «ምን አጠፋሁ?» አለኝ። ምንም አላጠፋህም ማለት አቃተኝ። አሁንም ሳስታውሰው የሚሰማኝ ያንተ ድምፅ ነው።

እንግዲህ ስማኝ። ማንዳሪን አትንካ። ብሉ ታንግም ይቅርብህ፤ ሱቅ ውስጥ አውራ ጣት ታክላለች፣ ስታድግ 30 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች። ዳምዝል ጠንካራ ነው ይሉሃል፤ እውነት ነው፣ ግን ተደባዳቢ ነው። በእርባታ በተወለዱ ሁለት ክሎውንፊሾች ጀምር። ሁለቱም ትንንሽ ይሁኑ፣ አንዱ ግን ከፍ ይበል፤ እሱ ሴት ይሆናል። ከወር በኋላ አንድ ፋየርፊሽ ጨምር። ሲደነግጥ ዘሎ ይወጣልና ገንዳውን በመረብ ክደን። ሦስቱ ይበቁሃል። አትቸኩል አልኩህ!

የቧንቧ ውሃ አትጠቀም፤ የተጣራ ግዛ። የጨው መለኪያው 1.025፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ይሁን። ውሃው በትነት ሲጎድል በንጹሕ ውሃ ብቻ ሙላው፤ ጨዉ አብሮ አይተንም።

ሹራቡ ደርሶኛል፣ ልክ ነው፤ ተባረክ የኔ ጌታ። እሁድ የመለኪያውን ፎቶ ላክልኝ። እኔ ሳላየው ዓሣ ቤት እንዳትሄድ።

አባትህ