የጋሼ ኤፍኤም2 ምን ዓይነት ፍላሽ ይስማማዋል?

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? እማማ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ያህል ዘመን ተጠፋፍተን ከርመን ድምፅህን ስሰማ በጣም ነው ደስ ያለኝ። የጋሼ የፊልም ካሜራ፣ ኒኮን ኤፍኤም2፣ እስካሁን እንደሚሠራ ስትነግረኝማ ደስታዬ እጥፍ ሆነ። የእህትህን ልጅ ክርስትና በእሱ ለማንሳት ማሰብህ ግሩም ነው።

ስለ ፍላሹ በቀጥታ ልንገርህ። ሱቅ ያሳዩህን ኤስቢ-700 አትግዛ። ጎበዝ ፍላሽ ነው፤ ግን ለዲጂታል የታሰበ ነው። ፎቶው ከመነሳቱ በፊት ትንሽ ብልጭታ ይልካል፣ ካሜራው ያንን ለክቶ መጠኑን ይነግረዋል። ኤፍኤም2 ደግሞ የፍላሽ ብርሃን የሚለካበት ነገር የለውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፎቶ ርቀት እየገመትክ በእጅህ ልታሰላ ነው። ድግስ ላይ ይህ አያዋጣም።

አንተ የምትፈልገው የራሱ ዓይን ያለውን ነው። ፊት ለፊቱ ትንሽዬ ቀዳዳ አለችው። ብርሃኑ ሰው ላይ አርፎ ሲመለስ እሷ ትለካለች፤ ሲበቃ ፍላሹን ትቆርጠዋለች። ካሜራው ሸተሩ (ፊልሙን የሚከልለው መጋረጃ) ሲከፈት «አብራ» ከማለት ሌላ ሥራ የለበትም። ለዚህ ኤስቢ-28ን እመርጥልሃለሁ። በ1997 የወጣ ነው። በአራት ድንጋይ ይሠራል፣ አንገቱ ወደ ላይም ወደ ጎንም ይዞራል። «ኤ» ላይ ታደርገዋለህ፣ የፊልሙን አይኤስኦ (ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የብርሃን ንቃት ቁጥር) ትሞላለታለህ፣ እሱ ላይ የመረጥከውን አፐርቸር፣ ማለትም የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት፣ ሌንሱም ላይ ትደግማለህ። አለቀ። በአይኤስኦ 100 ፊልም፣ ኤፍ 8 ላይ፣ እስከ 4 ሜትር ተኩል ይደርስልሃል። ፊልሙ 400 ከሆነ ርቀቱ እጥፍ ነው። ለሳሎን ይተርፋል።

አሁን ዋናውን ስማኝ። ያቺ ዓይን ፊትን ከልብስ አትለይም። በክርስትና ቀን ደግሞ ሁሉም ነጭ በነጭ ነው። ነጠላው፣ ቀሚሱ፣ የሕፃኗ ልብስ ብርሃኑን መልሶ ይረጨዋል። ዓይኗ «በቃ» ትላለች፣ ፍላሹ ቶሎ ይጠፋል፣ የእማማ ፊት ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ነጭ ፍሬሙን ከሞላው ሌንሱን አንድ እርከን ክፈት። ፍላሹ 5.6 ካለ አንተ 4 ላይ አድርግ። ኔጋቲቭ ፊልም ትንሽ ብርሃን ቢበዛበት ይችላል፤ ሲያንሰው ነው የሚጎዳው። ማታ ግቢ ውስጥ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከኋላ ያለው ጨለማ ዓይኗን ያሳስታትና ፊት ይነጣል። ያኔ አንድ እርከን ዝጋ።

ቤት ውስጥ ኮርኒሱ ነጭና ዝቅ ያለ ከሆነ የፍላሹን ራስ ወደ እሱ አቅና። ብርሃኑ ከላይ ለስልሶ ይወርዳል፣ ግድግዳው ላይ ያ አስቀያሚ ጥቁር ጥላ አይኖርም። ዓይኗ ያለችው አካሉ ላይ ስለሆነ ራሱ ቢዞርም ወደ ሰዎቹ ማየቷን አትተውም። ኮርኒሱ ከነጭ ሌላ ቀለም የተቀባ ከሆነ ተወው፤ ያ ቀለም ፊት ላይ ነው የሚያርፈው።

ሸተሩን 1/125 ላይ አድርገህ እርሳው። በ1982 የወጣው የመጀመሪያው ኤፍኤም2 ከፍላሽ ጋር ከ1/200 አያልፍም፤ ከ1984 ወዲህ ያለው 1/250 ይችላል። የጋሼ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከኋላ ያለውን ሲሪያል ቁጥር እይ። ከቁጥሩ በፊት ኤን ፊደል ካለ አዲሱ ነው። ገደቡን ካለፍክ ሸተሩ ፊልሙን ባንዴ ሙሉ በሙሉ ስለማይከፍተው የፎቶው ከፊሉ ጥቁር ይሆናል።

ያገለገለ ካጋጠመህ መጀመሪያ የድንጋዩን ቤት ክፈትና እይ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ እለፈው። በጣም የቆዩት ደግሞ፣ ለምሳሌ የድሮዎቹ ቪቪታር 283፣ መሰኪያቸው ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት አላቸው። ያንተ ካሜራ ሜካኒካል ስለሆነ ብዙ ላያስቸግረው ይችላል፤ ዲጂታል ካሜራ ላይ ግን በፍጹም እንዳትሰካው።

ካላገኘህ አትጨነቅ፤ እኔ እዚህ ፈልጌ በሰው እልክልሃለሁ። ሴት ናት ስላልከኝ እስከ ሰማንያ ቀኗ ጊዜ አለን። የተወለደችበትን ቀን ብቻ ቶሎ ጻፍልኝ። እማማን ሳምልኝ።

ወንድምህ