ጀልባ መንዳት ሥራ ነው ወይ ላልሽኝ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «ጀልባ መቅዘፍ ደግሞ ሥራ ነው ወይ?» ብለሽ ስትስቂ መስመሩ ተቋረጠ። ስለዚህ ተረጋግቼ ልጻፍልሽ ብዬ ነው። በነገራችን ላይ አይቀዘፍም፣ በሸራ ነው የሚሄደው። ይህን ስንት ዘመን ነገርኩሽ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰዎች ጀልባውን ከነካፒቴኑ ለሳምንት ይከራያሉ። ካፒቴኑ እኔ ነኝ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ባህር እወዳለሁ» ማለት ግን ማንንም አያሳምንም፤ ወረቀት ይጠየቃል። እኔ የያዝኩት የእንግሊዞቹን ዮትማስተር ኦፍሾር የሚባል የጀልባ ካፒቴንነት ብቃት ማረጋገጫ ነው። ለፈተናው ለመቅረብ ቢያንስ 50 ቀን ባህር ላይ መዋልና 2,500 ኖቲካል ማይል (የባህር ማይል) መጓዝ ያስፈልጋል። ፈታኙ ራሱ ጀልባው ላይ ይወጣና በጨለማ ሳይቀር ያስነዳል። በክፍያ ለመሥራት ደግሞ የጤና ምርመራና ባህር ላይ ከአደጋ የመትረፍ ሥልጠና ይጨመርበታል። አሜሪካ ቢሆንማ እስከ 6 ከፋይ መንገደኛ ለመጫን ብቻ 360 የባህር ቀን ይጠየቃል። «ቤቱን አጣበበው፣ ልጣለው?» ስትይኝ የነበረው የጉዞ ደብተር ሁሉ ለዚህ ነው የጠቀመኝ።

«የሚወዱትን ነገር ሥራ ካደረጉት ይሰለቻል» ያልሽው ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሸራ መወጠሩ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። አብዛኛውን ጊዜ እንግዳ የሚቀያየረው ቅዳሜ ነው። የቆዩት ጠዋት ይወርዳሉ፣ አዲሶቹ ከሰዓት ይመጣሉ። በመሃል ጀልባው ይታጠባል፣ አንሶላ ይቀየራል፣ ውሃና ነዳጅ ይሞላል። ሽንት ቤቱ ከተዘጋም የሚከፍተው ክቡር ካፒቴኑ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ባህር የሚባል ነገር ባላይ ደስ ይለኛል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን «አይሆንም» ማለት ነው። በግሪክና በቱርክ መካከል ባለው በኤጂያን ባህር በበጋ መልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ አለ። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይ እያበራ፣ ለቀናት ያለማቋረጥ ይነፍሳል። እንግዶቹ ፀሐዩን ያያሉ፤ እኔ ከባህረ ሰላጤው ውጭ ነጭ አረፋ የለበሰውን ማዕበል አያለሁ። «ከፍለን መጥተን ለምን እንቀመጣለን?» ይላሉ። እውነት አላቸው፣ ከፍለዋል። ግን ልጆቻቸውንም ይዘው ነው የመጡት። ስለዚህ ፈገግ ብዬ እምቢ እላለሁ፣ እዚያው የሚዋኙበትን ቦታ አሳያቸዋለሁ። ብቻዬን በነበርኩ ጊዜ ትንሽ ደፈር እል ነበር፤ አሁን ነፋሱ ሳይበረታ ሸራውን ቀድሜ እቀንሳለሁ። አንቺን ደስ የሚልሽ ይኼ ይመስለኛል።

ማታም ቢሆን ሥራው አያልቅም። ውሃው 5 ሜትር ጥልቀት ካለው ቢያንስ 25 ሜትር የመልህቅ ሰንሰለት እለቃለሁ፤ ነፋስ የሚመጣ ከሆነ እጨምራለሁ። ከዚያ በኋላ የምተኛው እኛን ሲያተኩሰን አንቺ ትተኚ እንደነበረው ነው። ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር ሰው ሳይቀሰቅሰኝ ብድግ እላለሁ።

ስለ ገንዘቡ አትጨነቂ፣ ግን ሀብታም አልሆንም። የሜዲትራኒያን ሥራ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው። ከዚያ ወደ ካሪቢያን የሚሻገሩ ብዙ ናቸው፤ እዚያ የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከሰኔ እስከ ኅዳር ስለሆነ ሥራው የሚደራው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ዘንድሮ እዚሁ ቀርቼ ጀልባ እጠግናለሁ።

የባህር ፍቅሬ ግን አልሞተም፣ ቦታ ቀየረ እንጂ። መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሰው መጀመሪያ መሪውን አንቆ ይይዘዋል። ከዚያ ቀስ በቀስ ትከሻው ይላላል፣ ዓይኑን ከመሣሪያው አንስቶ ሸራውን ማየት ይጀምራል። ይህን ማየት ራሴ ከመንዳት የበለጠ ያስደስተኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። መስከረም ላይ ነይ። ያኔ መልቴሚው ጋብ ይላል፣ ውሃው ግን እንደሞቀ ነው። ካታማራን የሚባለውን ጀልባ እይዝልሻለሁ፤ ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት የጀልባ አካል ስላለው እንደሌላው አያዘነብልም፣ ለጉልበትሽ ይመቻል። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ከግፊት ክኒንሽ ጋር ይስማማ እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂና ቶሎ ጻፊልኝ። ጀልባው የራሴ ስላልሆነ ቀኑን አስቀድሜ ማስያዝ አለብኝ።

የሚወድሽ ልጅሽ