የተኛችው ቁልፍ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን።

ለልጄ የሰፋሽላት ቀሚስ ደረሰን። ልክክ ብሏታል። እጅጌው ትንሽ ይረዝማል፤ ሆን ብለሽ እንደሆነ ገብቶኛል። ለእኔም “ታድግበታለች” እያልሽ እንዲሁ ነበር የምትሰፊው። ማታ ማታ ማስወለቅ ጠብ ሆኖብናል።

አፏ ተፈትቷል። ጠዋት መስኮቱ ላብ ሲያወጣ በጣቷ ትሥልበታለች። ትናንት ትልቅ ክብ ሠራች። ከክቡ ሥር ውሃው ጠብ እያለ መውረድ ሲጀምር “እማ፣ ፀሐይዋ እግር አወጣች!” አለችኝ። ሥራ ረፍዶብኛል። አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ፣ አንዱን ውጭ አድርጌ ቆምኩ። እግሮቹ መስኮቱ ደፍ ላይ እስኪደርሱ አብረን አየን። አንደኛው መንገድ ላይ ቆሞ ሌላ ጠብታ ጠበቀ፣ ከዚያ ሁለቱ ተያይዘው ወረዱ። ቀኑን ሙሉ ቀለል ብሎኝ ዋልኩ። ሦስት ሳምንት ባዶውን ያፈጠጠብኝ ወረቀት ማታ በዚያች እግር ባወጣች ፀሐይ ተሞላ።

ይሄን መቆም የተማርኩት ከአንቺ ነው። በሩ ስንጥቅ በኩል ብርሃን ሲገባ የስፌት መኪናውን አቁመሽ ጠራሽኝ፤ ትዝ ይልሻል? አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ይጨፍር ነበር። “ሁልጊዜም እዚህ አለ። ብርሃን ሲያገኘው ነው የምናየው” አልሽኝ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ መኪናውን ቀጠልሽ። እኔ ግን ያን ቀን ሌላ ሰው ሆኜ ነው የተነሳሁት።

ግን እማዬ፣ ደብተሬንም ቆርጠሽዋል።

9 ዓመቴ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥዕሎቼ በአንገትጌ ልክ ተቆርጠው፣ ስፒል ተሰክቶባቸው፣ የሰው ጨርቅ ላይ ተዘርግተዋል። የድመቴ ጭንቅላት አንገትጌው ላይ፣ ጭራዋ እጅጌው ላይ። “ወረቀት አልቆብኝ ነው፤ ደሞ ሥዕል እንጂ ትምህርት አይደል” አልሽኝ። ፊትሽ አላለቀስኩም። ዛሬም እየሣልኩ ሰው ከገባ ወረቀቴን እገለብጣለሁ፤ ባለቤቴ እንኳ ለምን እንደሆነ አያውቅም። ያኔ ከአባዬ በኋላ ሁሉም ነገር በአንቺ ጫንቃ ላይ እንደነበር አውቃለሁ። ልብሱም ለማግስቱ መድረስ ነበረበት። ቢሆንም አሞኛል። አቧራውን ያሳየኝ እጅና ደብተሬን የቆረጠው እጅ አንድ መሆኑ ነው ስንት ዓመት አልዋጥልኝ ያለው።

ይሄን የምጽፈው ልወቅስሽ አይደለም። ወይም ትንሽ ልወቅስሽም ይሆናል። ዋናው ነገር ግን ቁልፎቹ ናቸው።

ቀሚሱ ስድስት ቁልፍ አለው። አምስቱ ጥቁር ሰማያዊ ናቸው። ከላይ አራተኛዋ ግን ጥቁር ናት። ክሩ ከጨርቁ በአንድ ደረጃ ከደመቀ “ሂጂ መልሺ” ብለሽ የምትልኪኝ አንቺ ነሽ። ቁልፏን በጣቴ ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ።

ስልክ ላይ “ዓይኔ ደህና ነው፣ አምፖሉ ነው የደከመው” ትይኛለሽ። ወንድሜ አምፖሉን ሁለቴ ቀይሯል እማዬ። የዓይን ሞራ ነው። የዓይን ሌንስ ሲደፈርስ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ሰማያዊውን ብርሃን ያስቀራል። ለዚህ ነው ሰማያዊና ጥቁር የተመሳሰሉብሽ። ክሎድ ሞኔ የሚባለው ፈረንሳዊ ሠዓሊም ይኸው ነው የደረሰበት። እ.ኤ.አ. በ1912 ሞራ እንዳለበት ተነገረው፤ ፈርቶ እስከ 1923 ቆየ። በ82 ዓመቱ አንድ ዓይኑን ተሠራ፤ ከዚያም በኋላ ሥሏል። በእሱ ጊዜ ሕክምናው ከባድ ነበር። የዛሬው ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ዓይንሽን ብቻ ያደነዝዙታል፣ የደፈረሰውን ያወጡና ንጹሕ ሌንስ ይተካሉ፣ በዚያው ቀን ቤትሽ ትገቢያለሽ። መጀመሪያ አንዱን፣ ሲሻልሽ ሌላውን።

የቀጠሮውን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ከክሮቹ ሥር እንደከተትሽው ሰምቻለሁ። እባክሽ አውጪው። እስከዚያ ማታ ደረጃውን ብቻሽን አትውረጂ፤ የኮሪደሩ መብራት ይደር። ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ከቀጠሮው ሁለት ቀን በፊት እደርሳለሁ። ጠብታውን እኔ አደርግልሻለሁ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንት ዓይን ማሸት፣ ከባድ ነገር ማንሳት የለም። ባልዲውን ማለቴ ነው።

የምፈራውን ልንገርሽ? አቧራው እዚያው እየጨፈረ አንቺ እንዳታይው ነው የምፈራው።

ቁልፏን አልቀየርኳትም። ልጅቷ አትነካም ብላለች። “እነዚህ ነቅተዋል፣ ይቺ ተኝታለች” ነው የምትለው፤ ማታ ቀሚሱን ስንሰቅል ጣቷን ታስነካትና “እሽሽ” ትለናለች። ቀሚሱን ይዘን እንመጣለን። ፋሻው ሲነሳ የተኛችው የትኛዋ እንደሆነች አንቺው ታገኛታለሽ። ልቀይራት ካልሽ ግን መጀመሪያ እሷን አስፈቅጂ።

ልጅሽ