ፍሬኑን ያልለቀቀው ሮቦት
(የሮቦቲክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ)

መስከረም ላይ 31 ተማሪ ተመዘገበ። ኅዳር ሲገባ 12 ቀሩ። የሄዱት ሮቦቱ በሁለተኛው ሳምንት የሚያወራ መስሏቸው ነበር መሰለኝ። እኛ ግን ዓመቱን ሙሉ ያወራነው ስለ ጎማ ነው።

የውድድሩ ሕግ አጭር ነው። ሮቦቱ ዕቃ ተሸክሞ 6 ሜትር ይሄዳል፣ ዞሮ ይመለሳል። ልጆቹ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ሞተር አድርገው በቀጥታ ከኋላ ጎማዎች ጋር አያያዙት። የፊቶቹን በካቴና አስጎተቱ። ሂሳቡ ያጓጓል። ሞተሩ በደቂቃ 300 ጊዜ ይዞራል። ጎማው ከዳር እስከ ዳር 10 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ በአንድ ዙር 31 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። በሰከንድ ከ1.5 ሜትር በላይ! ክፍሉ አጨበጨበ። ሲሚንቶው ላይ ግን 6 ሜትሩ 11 ሰከንድ ፈጀ። ለመዞር ሲሞክር ደግሞ ባለበት ተንቀጠቀጠ፤ ሞተሩ እጅ አያስነካም።

እኔም ሳላጣራ «ሞተሩ አንሷል» ብዬ የትልቅ ሞተር ግዢ ጠየቅኩ።

ያዳነን ጣና ሐይቅ ዳር ዛፍ ሥር የሚሠራ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ልጆቹ ካቴና ሊያስቆርጡ ሄደው ነበር። ሽማግሌው ሮቦቱን ገለበጡት፣ ካቴናውን አወለቁ፣ የፊቱን ጎማ በጣታቸው አሽከረከሩት። ግማሽ ዙር ሳይሞላ ቆመ።

«ፍሬን አስራችሁበታል እንዴ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ፍሬን የለውም!»

ፐርኖው፣ ማለትም የጎማው ዘንግ፣ ብረቱ ላይ በተበሳ ደረቅ ቀዳዳ ውስጥ ነበር የሚዞረው። ካቴናውም እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። «በጣት ሲጫኑት ትንሽ ይርገብ» አሉ። በማግስቱ 8 ትንንሽ ኩሽኔታ ገዛን። ያው ጎማ ሲሽከረከር ቆጠርን፤ 14 ዙር።

ቀጥሎ ማርሹን ነካን። ሞተሩ ላይ 16 ጥርስ፣ ጎማው ላይ 32 ጥርስ። ጎማው በግማሽ ፍጥነት ይዞራል፣ ጉልበቱ ግን እጥፍ ሊሆን ይደርሳል። አንዳንዱ ልጅ ፍጥነት መቀነስ አልዋጥ አለው። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ በከባድ ማርሽ ብስክሌት የነዳ ግን ወዲያው ገባው። ሞተርም ጭነት አዝግሞት ሲያቃስት ብዙ ከረንት ይስባል፤ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አዲሱ ሮቦት በወረቀት ላይ ከድሮው ይዘገያል። 6 ሜትሩን ግን በ9 ሰከንድ ጨረሰ።

የቀረው መዞሩ ነው። አራት ጎማ ያለው ነገር ባለበት ሲዞር ጎማዎቹ ወደ ጎን መጎተት አለባቸው፤ ላስቲክ ደግሞ በቀላሉ አይንሸራተትም። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከውሃ ቧንቧ ሁለት ቀለበት ቆርጣ የፊት ጎማዎቹን አለበሰቻቸው። ፊቱ እንደ ሳሙና ተንሸራተተ፣ ኋላው ቆንጥጦ ያዘ። ባትሪውንም ወደ ኋላ ገፋነው፣ ክብደቱ መሬት በሚይዙት ጎማዎች ላይ እንዲያርፍ። ከዓመቱ ሥራ እኔ የምኮራው በዚህ ቧንቧ ነው።

ውድድሩ ላይ ሁለት ዙር አለፍን። በሦስተኛው የዕቃ መያዣው ክንድ ዳዶ ረግቦ ወለቀ። ጎማዎቹ ግን እየሄዱ ነበር፤ ሮቦቱ ባዶውን ደርሶ ተመለሰ። ተመልካቹ ሳቀ፣ እኛም ሳቅን።

የጠየቅኩት ትልቅ ሞተር ግንቦት ላይ መጣ። ካርቶኑ እንደታሸገ ነው። ለመጪው ዓመት ምዝገባ መስከረም በሁለተኛው ሳምንት ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ ብስክሌት ፈታትቶ የገጠመ ቅድሚያ አለው።