ለጤና ሚኒስቴር የሰው ሀብት ኃላፊዎች፦ ጊዜ ስጡን

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በነርስነት ሥራ የጀመርኩበትን ሌሊት አልረሳውም። ተረኛዋ ነርስ የመድኃኒት ቁምሳጥኑን ቁልፍ ሰጠችኝ፣ የታማሚዎቹን ዝርዝር በችኮላ አነበበችልኝና ሄደች። አልፈርድባትም፤ መውጫዋ ካለፈ ሁለት ሰዓት ሆኗት ነበር። ሊነጋጋ ሲል የአንድ ታማሚ ትንፋሽ ፈጠነ። ለማን እንደምደውል እንኳ አላወቅሁም። ደግነቱ አንድ ሐኪም ገባና ሰውየው ተረፈ። እኔ ግን ለወራት ወደ ሥራ ስሄድ ሆዴ ይላወስ ነበር።

የምጠይቃችሁ ጊዜ ነው። በተረኞች ሰሌዳ ላይ የተጻፈ፣ ሥራ በዛ ተብሎ የማይነካ ጊዜ።

አዲስ ገቢ በመጀመሪያዎቹ ወራት ልምድ ያለው ሰው ከጎኑ ይኑር። ለዚያም ሰው የሚይዛቸው ታማሚዎች ቁጥር ይቀነስለት። አለበለዚያ ሜንተር (ልምድ አካፋይ) ማለት ስም ብቻ ነው። ሌላ አገር ተምሮ የሚመጣውም ይህ ያስፈልገዋል። ሙያው አያንሰውም፤ ግን የመድኃኒቱ የንግድ ስም፣ የርክክቡ ወግ፣ ማን ለማን እንደሚያሳውቅ ሁሉ ይለይበታል።

ሥልጠናውስ? ለፈቃድ እድሳት የሚሆነንን ነጥብ ስንቶቻችን ነን ከሌሊት ተራ ወጥተን፣ እንቅልፍ እየጣለን የምንሰበስበው?

ምርምርም ከዚያው ከዋርድ፣ ከታማሚዎች መኝታ ክፍል ነው የሚነሳው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ቪየና ውስጥ ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለ ሐኪም የሁለት ማዋለጃ ክፍሎችን አወዳደረ። ሐኪሞችና ተማሪዎች በሚያዋልዱበት ክፍል የሚሞቱት እናቶች አዋላጆች ከሚሠሩበት በጣም ይበዙ ነበር። ተማሪዎቹ ከአስከሬን ምርመራ በቀጥታ ነበር የሚመጡት። በ1847 እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አደረገ። በ1846 ከ100 ወላዶች 11 ያህል ይሞቱበት በነበረው ክፍል፣ በ1848 የሞቱት ከ100 አንድ ገደማ ሆኑ። መልሱ መዝገብ ላይ ነበር፤ ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰው ነው የጠፋው። የእኛም መዝገቦች ስንት ጥያቄ ይዘዋል! በሳምንት ግማሽ ቀን፣ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴን ፈቃድ አጠያየቅ የሚያሳየን ሰው፣ ቁጥሩን አብሮን የሚያሰላ ባለሙያ ብናገኝ ብዙ እንሠራ ነበር።

«ሰው የለም፣ ጊዜው ከየት ይመጣል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ጥያቄው እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመና በ9 የአውሮፓ አገሮች 300 ሆስፒታሎችን ያየ ጥናት ሁለት ነገር አገኘ። ዲግሪ ያላቸው ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ ከፍ ባለ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ታማሚዎች የመሞት ዕድል በ7 በመቶ ዝቅ ይላል። በአንድ ነርስ ላይ አንድ ታማሚ ሲጨመር ግን በዚያው መጠን ከፍ ይላል። ስለዚህ አንዱን ለሥልጠና ልኮ ሥራውን በባልደረባው ላይ መቆለል አይሆንም። ለተተኪ ሠራተኛ ራሱን የቻለ በጀት ያዙልን። ሁሉም ቦታ ባይቻል፣ ቢያንስ አዲስ ገቢዎች በሚበዙባቸው ዋርዶች ይጀመር። የሚቀጥለው ምደባ ከመውጣቱ በፊት መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዋርድ ነርስ