ለተቃጠሉ ልጆቻችን አዲስ አበባ ላይ አንድ ክፍል እንከራይላቸው

ልጄ ያኔ ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ ነበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ሀዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ቤታችን ውስጥ ቡና እየተፈላ ነው። ጀበናው ከሰል ምድጃው ላይ፣ ምድጃው መሬት ላይ። በር ተንኳኳና ልከፍት ተነሳሁ። ስመለስ ጀበናው ተገልብጦ ቀኝ እጇ ላይ ፈስሷል።

ጎረቤት ሮጦ ደረሰ። አንዷ ሊጥ አመጣች፣ ሌላዋ የጥርስ ሳሙና። ሁሉም ለልጄ አዝነው ነው። እኔም አላወቅኩም፤ ሊጡን ቀባሁላት። ሆስፒታል ያ ሊጥ ከቁስሉ ላይ ሲነሳ የጮኸችው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ማድረግ የነበረብኝ ወዲያው ቧንቧ ስር ወስጄ ለ20 ደቂቃ ውሃ ማፍሰስ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜ ወደ ሐኪም መሮጥ ነበር። እባካችሁ ይህን ለጎረቤታችሁ ንገሩልኝ። ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ቃጠሎው ጥልቅ ስለነበር ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈልን። ከጭኗ ስስ ቆዳ ተነስቶ እጇ ላይ ተተከለ። ከቀናት በኋላ ፋሻው ተፈትቶ ሐኪሙ «ቆዳው ይዟል» ሲለኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ለካ ጠባሳ ይኮማተራል። ዓመትና ከዚያ በላይ እየጠነከረ፣ እየሳበ ይሄዳል። ጣት ወደ መዳፍ ይታጠፋል፣ ክርን አልዘረጋም ይላል። ልጅ ደግሞ ያድጋል፤ ጠባሳው እንደ ጤነኛ ቆዳ አብሮ አይለጠጥም። ስለዚህ የተኮማተረው ይለቀቅና ክፍተቱ ላይ እንደገና ቆዳ ይተከላል። ልጄ አሁን 5 ዓመቷ ነው። ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብታለች። ሦስተኛው በጥር ነው።

በመሀል ያለው ሥራ የእናትና የአባት ነው። ጠዋትና ማታ ጠባሳውን በቫዝሊን ማሸት፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ መዘርጋት። ሌሊት እጇን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ማሰር። ጠባሳውን ተጭኖ የሚይዝ ጥብቅ ጓንት ደግሞ በቀን ለ23 ሰዓት፤ የሚወልቀው ለመታጠብና ለማሸት ብቻ ነው። በሀዋሳ ሙቀት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ያሳክካታል፣ ሌሊት ትነሳለች፣ በጥርሷ ልታወልቀው ትታገላለች። እኛ ቤት ማሸቱን ጨዋታ አደረግነው። እሷ በግራ እጇ ትንሽ ሊጥ ታቦካለች፣ እኔ ቀኝ እጇን አቦካለሁ። አንዳንድ ቀን ግን «እማዬ፣ ዛሬ ይቅር» ትለኛለች። ያን ቀን እያለቀስኩ አሻታለሁ።

ባጃጅ ውስጥ ሰው ያያትና ከንፈሩን ይመጣል። «ቡና አቃጠለኝ፣ ሐኪሞቹ እያስተካከሉኝ ነው» ብላ እንድትመልስ አስተምረናታል። ከንፈር ከምትመጡላት ስሟን ጠይቋት፤ ደስ ይላታል።

በቀጠሮ ስንመላለስ የተዋወቅን የሀዋሳና የአካባቢዋ ቤተሰቦች 11 ደርሰናል። ከእኛ መካከል ከቱላ የምትመጣ እናት አለች። ልጇ የፈላ ወጥ ተደፍቶበት አንገቱና ደረቱ ተቃጥሏል። ቀዶ ጥገናው ጥሩ ነበር። ግን አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቀጠሮው ጠዋት ስለሆነ ማደር ግድ ነው። ቤርጎ ሦስት ሌሊት ስታድር የያዘችው ብር አለቀ። የሚቀጥለውን ቀጠሮ አለፈችው፣ ከዚያም ሌላውን። ጠባሳውን ተጭኖ የሚይዘው ልብስ ጠበበው፣ ሌላ አልተገዛለትም። አሁን ልጁ ቀና ብሎ ሰማይ ማየት አይችልም። እናቱ ሰንፋ አይደለም። ማደሪያ አጥታ ነው።

ስለዚህ የምንለምናችሁ ይህን ነው። አዲስ አበባ ላይ ለሕክምናው ቅርብ የሆነ አንድ ክፍል ለአንድ ዓመት መከራየት እንፈልጋለን። በወር 8,000፣ በዓመት 96,000 ብር ነው። ከእኛው አዋጥተን 31,000 ሰብስበናል። የቀረውን ሙሉልን። ከኪራዩ የተረፈ ካለ ለመሳፈሪያና ልጆቹ ሲያድጉ ለሚጠባቸው ልብስ መቀየሪያ ይውላል። ለአንድ ልጅ ሁለት ያስፈልገዋል፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላውን ይለብሳል።

ገንዘብ ለሌላችሁም ሥራ አለ። አዲስ አበባ ባዶ ሰርቪስ ቤት ያላችሁ ብትኖሩ ኪራዩን ሁሉ ታስቀሩልናላችሁ። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ እንቀበላለን። የኤሌክትሪክ ምድጃ የምትሰጡን ከሆነ ከፍ ያለ ጠረጴዛም ጨምሩልን፤ በዚያ ክፍል መሬት ላይ ምንም ነገር አይፈላም። የሚለጠጥ ጨርቅ መስፋት የምትችሉ ልብስ ሰፊዎችንም እንፈልጋለን። ልኩን የሚወስደው ባለሙያ ነው፤ እናንተ በዚያ ልክ ትሰፉልናላችሁ።

ብሩን የሚይዘው የሰፈራችን ዕድር ገንዘብ ያዥ ነው። ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ሂሳቡም በየወሩ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል። የሂሳብ ቁጥሩን ይህን ጽሑፍ ካደረሳችሁ ሰው ተቀበሉ። የልጆቹን ፎቶ ግን አንለጥፍም። ነገ ትምህርት ቤት የሚገቡ ልጆች ናቸው፤ በቁስላቸው እንዲታወቁ አንፈልግም።

ክፍሉ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ከተገኘ ቁልፉን መጀመሪያ የሚረከቡት የቱላዋ እናትና ልጇ ናቸው። ያለፈውን ቀጠሮ እንደገና አስይዘንላቸዋል።